ሮቨሩ፣ ስልኩና ሲም ካርዱ፦ ኢንተርኔት በሜዳ ቅየሳ ላይ ምን ይሠራል?

ቀያሹ የመለኪያ ዘንጉን (ፖሉን) ይዞ ቆሞ ስልኩን ደጋግሞ ሲያይ ባለይዞታው ቅር ይለዋል። ሥራውን ትቶ ቲክቶክ የሚያይ ይመስለዋል። ሰውየው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ኔትወርኩን ነው። በልምድ "ጂፒኤስ" የምንለው የሜዳ መቀበያ በሴንቲሜትር ደረጃ እንዲለካ ከተፈለገ በየሰከንዱ ከሌላ ቦታ መረጃ ሊደርሰው ይገባል። ያ መረጃ ደግሞ አሁን አሁን የሚመጣው በሞባይል ዳታ ነው። ስለ ሳተላይቱ ብዙ ይወራል፤ ከሳተላይቱ ጎን ስላለው ስለዚህ የምድር መንገድ ግን ብዙም አይወራም። ሜዳ ላይ ሰው የሚያለቅሰው ግን በዚህኛው ነው።

መጀመሪያ የስልኩን ጂፒኤስ እንይ። ክፍት ሰማይ ሥር ስልክ ከትክክለኛው ቦታ ከ3 እስከ 5 ሜትር ሊስት ይችላል፤ ፎቅ በበዛበት ሰፈር ይብሳል። ታክሲ ለመጥራት በቂ ነው። 10 በ15 በሆነ 150 ካሬ ቦታ ላይ ግን 5 ሜትር ማለት የርዝመቱ ሲሶ ነው፤ ችካሉን ጎረቤት ሳሎን ውስጥ ትተክሉታላችሁ። ስለዚህ ስልክ ብቻውን ወሰን አይለካም። "በስልኬ ለክቼዋለሁ፣ አጥሬ ውስጥ ገብተሃል" ብሎ ከጎረቤት ጋር የሚጣላ ሰው ካያችሁ እባካችሁ ይሄን ንገሩት።

ስህተቱ ከየት ይመጣል? የጂፒኤስ ሳተላይት ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው የሚዞረው። ሞገዱ ወደ እኛ ሲመጣ አዮኖስፌር በሚባለው ኤሌክትሪክ በተሞላው የላይኛው አየር ያልፋል፣ ከዚያም ደመናና እርጥበት ባለበት በታችኛው አየር። ሁለቱም ያዘገዩታል። የሳተላይቱ ሰዓትና ምህዋር ስህተትም አለ። ደግነቱ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ተራርቀው የቆሙ ሁለት መቀበያዎች የሚደርስባቸው ስህተት ተመሳሳይ ነው ማለት ይቻላል። አንዱን ቦታው በትክክል በሚታወቅ ነጥብ ላይ ካቆማችሁት ስህተቱን እያሰላ "አሁን ይሄን ያህል ስቻለሁ" ብሎ ለሌላው ሊነግረው ይችላል። የቆመው ቤዝ ይባላል፣ የሚዞረው ሮቨር። ዘዴው በሙያው አጠራር አርቲኬ ነው።

አርቲኬ ሴንቲሜትር ላይ የሚደርሰው የሞገዱን ብዛት ስለሚቆጥር ነው። ዋናው የጂፒኤስ ሞገድ ርዝመቱ 19 ሴንቲሜትር ነው፤ መሣሪያው የአንዱን ሞገድ ክፋይ በሚሊሜትር ደረጃ ያነባል። ከሳተላይቱ እስከ እሱ ድረስ ስንት ሙሉ ሞገድ እንዳለ ግን አያውቅም። በቀላድ መሬት ሲለካ የመጨረሻዋን ቁራጭ አጥርቶ አንብቦ ስንት ቀላድ እንደጣለ የረሳ ሰው ማለት ነው። የቤዙ መረጃ ሲመጣለት ቁጥሩን ፈልጎ ያገኛል፤ ሲያገኘው ስክሪኑ ላይ "ፊክስ" ይላል። ገና እየፈለገ ከሆነ "ፍሎት" ይላል፤ ያኔ ስህተቱ ከጥቂት አስር ሴንቲሜትር እስከ ሜትር ሊሆን ይችላል። ወሰን በፍሎት አይለካም። ቸኩላችሁም ቢሆን፣ ፀሐይ ቢያቃጥላችሁም።

የቤዙ ማስተካከያ ወደ ሮቨሩ የሚደርስበት መንገድ ሁለት ነው። የድሮው ሬድዮ ነው። መሣሪያው ውስጥ ያለው 1 ወይም 2 ዋት ሬድዮ ሜዳማ ቦታ ላይ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከመኪና ባትሪ የሚሠራው 35 ዋት የውጭ ሬድዮ ደግሞ ራቅ ይላል። እንደኛ ተራራና ሸለቆ በበዛበት አገር ግን አንድ ጉብታ መሐል ከገባ አለቀ።

ሁለተኛው ኢንተርኔት ነው። የዚህ ደንብ ስም ኤንትሪፕ ይባላል። የጀርመን ፌዴራል የካርታና የጂኦዴሲ መሥሪያ ቤት ያዘጋጀው ሲሆን በ2004 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ሆኗል። አሠራሩ ቀላል ነው። ቤዙ ማስተካከያውን ካስተር ወደሚባል ሰርቨር ይልካል። ሮቨሩ ደግሞ በስልክ ዳታ ሰርቨሩ ጋ ገብቶ ይወስዳል። እናንተ የምትሞሉት የሰርቨሩን አድራሻ፣ የፖርት ቁጥር (ብዙውን ጊዜ 2101 ነው)፣ የተጠቃሚ ስም፣ የይለፍ ቃልና ማውንት ፖይንት የሚባለውን የቤዙን ስም ነው። አንድ ፊደል ከተሳሳተ አይገባም፤ ትልቅና ትንሽ ፊደልም ይለያል። ቤዙ የራሳችሁ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሁልጊዜ የሚሠራ ቋሚ ጣቢያ፣ ኮርስ የሚሉት።

አሁን ሁሉም ሰው ወደሚጠይቀው ልግባ፦ ስንት ዳታ ይበላል? በጣም ትንሽ። አንድ ቤዝ የጂፒኤስንና የሌሎቹን የሳተላይት ሥርዓቶች፣ የግሎናስን፣ የጋሊሊዮንና የቤይዱን፣ ማስተካከያ በየሰከንዱ ሲልክ በሰከንድ ግማሽ ወይም 1 ኪሎ ባይት ገደማ ነው። በሰዓት ከ2 እስከ 4 ሜጋ ባይት መሆኑ ነው። ቀኑን ሙሉ 8 ሰዓት ብትሠሩ 30 ሜጋ ባይት አካባቢ፤ ጥቂት ቪዲዮ ማየት ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። ዳታችሁ አመሻሽ ላይ አልቆ ከተገኘ ጥፋተኛው ሮቨሩ አይደለም። ስልኩ ከበስተጀርባ አፕ ሲያዘምን፣ ፎቶ ወደ ክላውድ ሲጭን ውሏል። ለሥራ የምትጠቀሙበት ስልክ ላይ ይሄን ሁሉ አጥፉት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ሮቨሩ ፍጥነት አይፈልግም፤ የሚፈልገው አለመቆራረጥን ነው። ፎርጂ ሆኖ በየደቂቃው ከሚጠፋ መስመር የማይንቀሳቀስ ቱጂ ይሻለዋል። ዳር አገር ስልኩ ፎርጂና ስሪጂ መሐል ሲወዛወዝ ካያችሁ ሴቲንግ ገብታችሁ አንዱ ላይ ብቻ እንዲቆይ አድርጉት፤ ብዙ ጊዜ ያረጋጋዋል። ስክሪኑ ላይ የማስተካከያውን ዕድሜ የሚያሳይ ቁጥር አለ። 1 ወይም 2 ሰከንድ ከሆነ ጥሩ ነው። 5፣ 8፣ 12 እያለ ሲወጣ ኔትወርኩ እየከዳችሁ ነው። መሣሪያው ለጥቂት ጊዜ በያዘው መረጃ ፊክስ እንዳለ ሊቀጥል ይችላል፤ እኔ ግን ከ5 ሰከንድ ካለፈ ነጥብ ባትወስዱ እመርጣለሁ።

ስልኩ ሲደወልበትስ? ይሄ ሜዳ ላይ ብዙ ሰዓት ያስበላል። ቱጂ ላይ ያለ ስልክ ጥሪ ሲመጣ ዳታው ይቆማል። ባለ ሁለት ሲም ስልክም በአንደኛው ሲም ስታወሩ የሁለተኛውን ዳታ ብዙውን ጊዜ ያቋርጠዋል። ባለይዞታው "የት ደረሳችሁ?" ብሎ ይደውላል፣ ታነሳላችሁ፣ ፊክሱ ይሄዳል። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ለሆትስፖት ብቻ የሚሆን አንድ ያረጀ ስልክ ወይም ማይፋይ (በሲም የሚሠራ ትንሽ የዋይፋይ መሣሪያ)። ማንም ቁጥሩን የማያውቀው ሲም ይኑረው።

ሆትስፖቱ ራሱ ሁለት አመሎች አሉት። ብዙ መቀበያዎችና ኮንትሮለሮች (ቀያሹ መቀበያውን የሚያዝባቸው የእጅ መሣሪያዎች) የሚያዩት 2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ብቻ ነው፤ አዳዲስ ስልኮች ደግሞ ሲከፈቱ 5 ጊጋኸርዝ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። "ሆትስፖቱ አይታየኝም" የሚለው ችግር አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ነው፤ ሴቲንግ ላይ ወደ 2.4 መልሱት። ሌላው፣ ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ ሆትስፖቱን ወይም አፑን ራሱ ይዘጋል። የባትሪ ቁጠባውን ለዚያ አፕ አጥፉ፣ ሆትስፖቱ ሰው ካልተጠቀመበት እንዲዘጋ የሚያደርገውን ምርጫም አንሱ። አንድ ጥሩ ፓወር ባንክ ያዙ። ስልኩንም ፀሐይ ላይ አታንጠልጥሉት፤ ሲግል ራሱን ያጠፋል። በተለይ ቆላ ላይ።

ሲሙን መቀበያው ውስጥ መክተትስ? ጥሩ ነው፤ አንድ ገመድ፣ አንድ ብሉቱዝ ይቀንሳል። ግን መጀመሪያ ሲሙን ስልክ ውስጥ አስገብታችሁ የፒን ቁልፉን አንሱ፤ ፒን የሚጠይቅ ሲም መቀበያው ውስጥ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ኤፒኤን የሚባለውን የቴሌኮሙን የዳታ መግቢያ ስምም በእጅ መሙላት ያስፈልጋል። ያረጁ መቀበያዎች ሞደማቸው ስሪጂ ብቻ ሊሆን ስለሚችል ስልካችሁ ሙሉ ፎርጂ እያሳየ መሣሪያው "ኔትወርክ የለም" ቢል አትደንግጡ።

ብዙ ወጣት ቀያሾች አሁን ዋጋው ቀለል ያለ መቀበያ ገዝተው ስልካቸውን ኮንትሮለር ያደርጉታል። እንደ ኪውፊልድና ኤስደብሊው ማፕስ ያሉ አፖች ለዚህ ይሆናሉ። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ሙያውን ለብዙ ሰው ከፍቷል። አንድ አደጋ ግን አለው፣ እሱን አስምራችሁ ያዙልኝ። አንድሮይድ ላይ አፑ ቦታውን ከመቀበያው ሲወስድ ቆይቶ ብሉቱዙ ከተቋረጠ ዝም ብሎ ወደ ስልኩ የራሱ ጂፒኤስ ሊመለስ ይችላል። ካርታው ላይ ነጥቧ አለች፣ ትንቀሳቀሳለች፣ ምንም ያልሆነ ይመስላል። እናንተ ግን ከ2 ሴንቲሜትር ወደ 5 ሜትር ወርዳችኋል። እያንዳንዱን ነጥብ ስትይዙ የፊክሱ ሁኔታና የስህተቱ መጠን አብሮ እንዲመዘገብ አድርጉ፤ ቢሮ ስትመለሱ ያንን ዓምድ ሳታዩ ምንም አትሳሉ።

የራሳችሁን ቤዝ በኢንተርኔት ማስተላለፍ ከፈለጋችሁ ደግሞ አንድ የማይታይ ግድግዳ አለ። በሞባይል ኔትወርክ የምታገኙት አድራሻ ብዙ ጊዜ የግል ነው፤ ብዙ ተጠቃሚ አንድ የውጭ አድራሻ ይጋራል። ስለዚህ የሮቨሩ ሲም የቤዙን ሲም ፈልጎ በቀጥታ ሊደውልለት አይችልም። ሁለቱም ዳታ አላቸው፣ ሁለቱም ዩቲዩብ ይከፍታሉ፣ እርስ በርስ ግን አይገናኙም። መሐል ላይ ሁለቱም የሚደርሱበት ካስተር ያስፈልጋል። አርቲኬቱጎ የሚባለው በነፃ ይገኛል፤ አንድ ኮምፒውተርና ቋሚ የውጭ አድራሻ ያለው ቢሮም የራሱን መክፈት ይችላል።

እስካሁን ያወራነው ማስተካከያው ስለሚጓዝበት መንገድ ነው። በመንገዱ የሚጓዘው ነገር ራሱ ስህተት ከሆነስ?

ቤዙን "እዚህ ነኝ" የሚለውን ቁልፍ ተጭናችሁ ካስነሳችሁት ቤዙ የገመተው ቦታ በሜትሮች ሊስት ይችላል። ሮቨሩ ይሄን አያውቅም። ፊክስ ይላል፣ 1 ሴንቲሜትር ይላል፣ ሁሉም አረንጓዴ ነው። ነጥቦቹ እርስ በርስ ይገጥማሉ፤ አንድ ላይ ግን ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ሄደዋል። ነገ ቤዙን እንደገና እንደዚያው ብታስነሱት ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሄዳል። የሁለት ጎረቤታሞች ይዞታ በተለያየ ቀን በዚህ ዓይነት ከተለካ ወረቀት ላይ ይደራረባል። ከዚያ ቀበሌ፣ ከዚያ ፍርድ ቤት። ሰዎች ለዓመታት የሚካሰሱበት ነገር መነሻው አንድ ቁልፍ ሊሆን ይችላል፤ ይሄ ያሳስበኛል።

ሌላው የአገራችን ጉዳይ አዲንዳን ነው። በርካታ የቆዩ ካርታዎችና ነጥቦች የተሠሩት አዲንዳን በሚባል የቦታ መለኪያ ሥርዓት ነው፤ ክላርክ 1880 በሚባለው የምድር ቅርጽ ላይ የተመሠረተ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ከአባይ ተፋሰስ ጥናት ጋር ወደ እኛ የተዘረጋ ነው። ስልኩም ኤንትሪፑም የሚናገሩት ጂፒኤስ በሚጠቀምበት ሥርዓት፣ በደብሊውጂኤስ 84፣ ወይም በቅርብ ዘመዱ ነው። በሁለቱ መሐል ያለው ልዩነት 200 ሜትር ገደማ ይሆናል። ደግነቱ ይሄን ያህል ሲሆን ዓይን ያየዋል። ዓይን የማያየው ሁለት ሰዎች የተለያየ የመቀየሪያ ቁጥር ሲጠቀሙ የሚፈጠረው የጥቂት ሜትር ልዩነት ነው። ስለዚህ የፕሮጀክቱን መቀየሪያ ከአሠሪው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ውሰዱ። ዩቲኤም የሚባለው የካርታ አሠራር ምድርን የሚከፍልበትን ዞንም እዩ፦ አሶሳና ጋምቤላ 36፣ አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳርና ድሬዳዋ 37፣ ጅግጅጋ 38።

ይሄን ሁሉ ስህተት የሚይዝ አንድ ልማድ አለ። ጠዋት ሥራ ሳትጀምሩ ቦታው አስቀድሞ የሚታወቅ ኮንትሮል ፖይንት ላይ ሂዱና ለኩት። ቁጥሩ ከሰነዱ ጋር በ2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ውስጥ ከገጠመ ቀጥሉ። ካልገጠመ አትቀጥሉ። ማታ ስትጨርሱም ድገሙት። አስፈላጊ የወሰን ማዕዘን ላይ ደግሞ አንዴ ከለካችሁ በኋላ ፊክሱን ጣሉት፣ መሣሪያው ከዜሮ እንዲጀምር አድርጉና እንደገና ለኩ። መሣሪያ የሞገድ ቁጥር ተሳስቶ "ፊክስ" የሚልበት ጊዜ አለ፤ በተለይ ዛፍ ሥርና ቆርቆሮ ግድግዳ አጠገብ። ባለይዞታ ከሆናችሁም ቀያሹን "የሚታወቅ ነጥብ ላይ አረጋግጠሃል?" ብላችሁ ጠይቁ። ጥሩ ቀያሽ ይሄን ጥያቄ ይወደዋል።

ከሰዓት በኋላ ፊክስ እምቢ ሲል ቶሎ ኔትወርኩን አትውቀሱ። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። በዚህ መስመር አካባቢ አዮኖስፌሩ ከሌላው ዓለም ይበልጥ ይረበሻል። ከቀትር በኋላ የኤሌክትሪክ ክምችቱ ይበዛል፤ ፀሐይ ከገባች በኋላ ደግሞ፣ በተለይ በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ፣ የሳተላይት ሞገድ እስኪቆራረጥ ድረስ ይናወጣል። ፀሐይ ራሷ በምትበረታባቸው ዓመታት፣ ለምሳሌ በ2024 እ.ኤ.አ. አካባቢ እንደነበረው፣ ይከፋል። ኢንተርኔት 60 ኪሎ ሜትር ርቆ ካለ ጣቢያ ማስተካከያ ማምጣት ይችላል፤ አዮኖስፌሩ ግን እዚያና እዚህ አንድ ዓይነት አይሆንም። አምራቾች የሚጽፉት የተለመደ ቁጥር 8 ሚሊሜትር ሲደመር ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 1 ሚሊሜትር ነው፤ ያ በረጋ ሰማይ ነው። ከባድ ነጥቦችን ጠዋት ያዙ፣ ቤዙንም በተቻለ መጠን አቅርቡት።

ከፍታን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፦ መሣሪያው የሚሰጠው ከሒሳባዊ የምድር ቅርጽ በላይ ያለውን ከፍታ ነው። ውኃ የሚሄደው በዚያ አይደለም። ለቦይና ለፍሳሽ መስመር ያንን ከፍታ ወደ ባሕር ጠለል ከፍታ የሚቀይረውን የጂኦይድ ሞዴል ጨምሩ፤ ሲሆን ሲሆን ሌቭል በሚባለው የከፍታ መለኪያ መሣሪያ አረጋግጡ።

ኔትወርክ ጨርሶ ከሌለስ? ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ የለም። በትግራይ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ፣ በአማራ ክልል ደግሞ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ እንደሆነው ዳታ ለወራት ሊቋረጥም ይችላል። ሥራው የግድ አይቆምም። ቤዙም ሮቨሩም ጥሬ መረጃቸውን እንዲቀዱ አድርጉ፤ ቢሮ ወይም ኢንተርኔት ያለበት ከተማ ስትደርሱ ሁለቱን በሶፍትዌር አገናኝታችሁ ያንኑ ሴንቲሜትር ታገኛላችሁ። አጠገባችሁ የሚታወቅ ነጥብ ከሌለ ቤዙን ለሁለት ሦስት ሰዓት፣ ቢቻል ከዚያ በላይ አስቀዱና ፋይሉን የካናዳ መንግሥት በነፃ ለሚሰጠው ሲኤስአርኤስ ፒፒፒ አገልግሎት ላኩት። በጥቂት ሴንቲሜትር የተስተካከለ የቤዝ ቦታ በኢሜይል ይመልስላችኋል። ከዚያው ቀን ይልቅ በማግስቱ፣ ከማግስቱም ይልቅ ከሁለት ሳምንት በኋላ ብትልኩት ይጠራል፤ የሳተላይቶቹ ምህዋር ተሰልቶ የሚያልቀው ያኔ ነውና። ጋሊሊዮም ከጥር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሳተላይት በቀጥታ የሚወርድ ነፃ ማስተካከያ አለው፤ መቀበያችሁ የሚደግፈው ከሆነ ያለ ምንም ሲም ወደ 20 ሴንቲሜትር ያደርሳችኋል። ለእርሻ ካርታ ይበቃል፣ ለከተማ ወሰን አይበቃም።

ማታ ደግሞ ሁሉም ሰው ፋይሉን በቴሌግራም ይልካል። ይሁን፣ ፈጣን ነው። የወሰን ድንጋዩን ፎቶ ግን እንደ ፎቶ አትላኩት፣ እንደ ፋይል ላኩት፤ አለዚያ ይጨመቃል፣ ውስጡ ያለው የቦታና የሰዓት መረጃም ይጠፋል። የባለይዞታ ስም፣ መታወቂያና የይዞታ ማረጋገጫ ፎቶ ብዙ ሰው ባለበት ግሩፕ ላይ አይለቀቅ። የሰው ንብረት ነው። ጥሬ ፋይሉን ደግሞ ነጥቦቹ ተሳሉ ብላችሁ አታጥፉት፤ ክርክር ሲነሳ "ያኔ ፊክስ ነበር ወይ?" የሚለውን የሚመልሰው እሱ ብቻ ነው።